ዓይኑን በጨው ያጠበው ሻጭ እና ዓይን አፋሩ ዓሣዬ

እጄ ገና ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ጎቢ የሚባለውን ዓሣዬን ዛሬ ጠዋት አኳሪየሙ (የመስታወት ገንዳው) ውስጥ ከሚደበቅበት ቱቦ ሳወጣው ከስቶ እንደ ገመድ ሆኗል። መሞቱ ያሳዝናል፤ አንጀቴን ያሳረረው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

የአኳሪየም ዓሣ ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። "ምን ይበላል?" ስትሏቸው "ሁሉንም"፣ "ምን ያህል ያድጋል?" ስትሏቸው "እንደ አኳሪየምህ" የሚሉት ናቸው። መልስ አያጡም። እኔም አውቃቸው ነበር። እያወቅኩ ነው የገባሁት።

የተለጠፈው ወረቀት "ዘንዶ ዓሣ" ይላል። ስሙ ቫዮሌት ጎቢ ነው፣ ድራገን ጎቢም ይሉታል። እንደ እባብ ረዝሞ ወይን ጠጅ የሚያብረቀርቅ ገላ አለው። ዓይኖቹ ሚጢጢ ናቸው። አፉ ግን ሰፊ ነው፣ ጥርስም አለው፤ ሲከፍተው ያስፈራል። ሻጩ "ትናንሾቹን ዓሦችህን እንዳይጨርስብህ" አለኝ። አመንኩት። እንዲያውም ቤት ያሉትን ትናንሽ ዓሦች ሰብስቤ ለጓደኛዬ ሰጠሁ! ለካ ያ አፍ አልጌ የሚፍቅበት፣ ጭቃና አሸዋ እየዛቀ በውስጡ ያለውን ጥቃቅን ምግብ የሚለቅምበት ነው። ዓይኑም ደካማ ነው። ዓሣ ማሳደዱ ይቅርና ፊቱ የወደቀለትን ምግብ እንኳ ፈልጎ ለማግኘት ይቸገራል።

በዚያ ቀን አንዲት ደህና ጥያቄ ጠይቄያለሁ። "ጨው አይፈልግም?" አልኩት። የሆነ ቦታ ያነበብኩት ትዝ ብሎኝ ነው። ሻጩ ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ "ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የባህር ዓሣ አይደለም" አለ። አጠገቡ የቆመው ልጅ ፈገግ አለ። አፈርኩ። መጠየቄ ራሱ አላዋቂነት መሰለኝና ቶሎ ከፍዬ ልውጣ አልኩ።

ዓሣውን በመረብ ሲያወጣ የገንዳውን ክዳን የያዝኩለት እኔ ነኝ። የክዳኑ ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር ጋግሯል። በጣቴ ፍቄ አየሁት። ቆሻሻ ነው ብዬ ሱሪዬ ላይ ጠረግኩት። ይህችን ያዙልኝ።

ስወጣ "ዓይን አፋር ነው፤ ቀን ቀን ይደበቃል። አትነካካው፣ ይለምዳል" አለኝ።

የበላችኝ ይህች ናት። ውሸት ብትሆን አንድ ቀን እነቃ ነበር። ግን እውነት ናት። ይህ ዓሣ ወንዝ ከባህር በሚቀላቀልበት ቦታ፣ ጭቃ ውስጥ ጉድጓድ ገብቶ የሚኖር ፍጥረት ነው። የሚንቀሳቀሰው በአብዛኛው ማታ ነው። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከቱቦው አፍንጫው ብቻ ብቅ ብሎ ሳየው "እያፈረ ነው" አልኩ። ምግቡ ሳይነካ ሲያድር "እኔ ሳላይ በልቶ ይሆናል" አልኩ። ገላው ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነገር የበቀለው መቼ እንደሆነ እንኳ አላውቅም፤ ያየሁት ዛሬ ሳወጣው ነው። አትነካካው ተብያለኋ! እንዳይደነግጥ ብዬ መብራት አጠፋለት ነበር። በሩን ቀስ አድርጌ እዘጋለት ነበር። እየሞተ ላለ ዓሣ ዝምታ ስጠብቅለት ከረምኩ።

ደግሞ ቶሎ አይሞትም። ማዕበሉ ሲገባና ሲወጣ ጨውነቱ የሚለዋወጥ ውሃ ውስጥ ያደገ ስለሆነ፣ ጨው አልባ ውሃንም ለጊዜው ይችለዋል። ቀስ እያለ ነው የሚደክመው። እስከዚያ ሻጩ "ከእኔ ሲወጣ ጤነኛ ነበር" የሚልበት በቂ ቀን ያልፋል።

ዛሬ በላስቲክ ይዤው ሄድኩ። ሻጩ ላስቲኩን ተቀበለኝ፣ ከፍ አድርጎ ወደ መብራቱ ያዘው፣ አገላብጦ አየው። እኔ ገና አፌን አልከፈትኩም።

"ጨው አልጨመርክበትም እንዴ?" አለኝ።

ዓይኑን በጨው አጥቦ! ያችን ጨው እዚያ ነበር የጨረሳት መሰለኝ።

"አንተ አይደለህ እንዴ አይፈልግም ያልከኝ?" አልኩት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ እሱም ያናድደኛል።

"የባህር ዓሣ አይደለም ነው ያልኩህ።"

እውነቱን ነው። ቃል በቃል እንደዚያ ነው ያለኝ። አይፈልግም አላለኝም። መልስ ያገኘሁ የመሰለኝ እኔው ነኝ። ቆሜ ሳስብ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደና አንድ ከረጢት የባህር ጨው አውርዶ ፊቴ አስቀመጠ። "ለሚቀጥለው ይሄን ውሰድ" አለኝ። ለሚቀጥለው!

ወደ ገንዳው ሄድኩ። ሦስት ጎቢዎች አሉ። ያ ነጭ ግግር አሁንም ክዳኑ ጠርዝ ላይ ነው። ጣቴን አሻሸሁበትና ላስኩት። ጨው። እሱ ጋ ሲኖሩ ጨው አላቸው፤ እኔ ጋ ሲመጡ ነው የባህር ዓሣ የማይሆኑት። ልጁ ስልስ አይቶኝ ከት ብሎ ሳቀ። ሻጩ ላስቲኩን መለሰልኝና "ይዘኸው ሂድ፣ እዚህ ይሸታል" አለኝ።

ለማንኛውም፣ ጎቢ የምትገዙ ካላችሁ ሻጩ ፊታችሁ የገንዳውን ውሃ በሃይድሮሜትር፣ ጨው ውሃውን ምን ያህል እንዳከበደው በሚያሳይ መለኪያ፣ ይለካላችሁ። መለኪያው ላይ ከ1.005 እስከ 1.010 አካባቢ ይስማማዋል፤ የባህር ውሃ 1.025 ገደማ ነው። ጨው ሲባል የባህር አኳሪየም ጨው ነው፣ የምግብ ጨው አይሆንም። ማጣሪያው (ፊልተሩ) ውስጥ ሆነው ውሃውን የሚያጠሩት ባክቴሪያዎች እንዳያልቁ በቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ ጨምሩ። ከሥሩ ደቃቅ አሸዋ ይኑር። ምግቡን ማታ፣ አፉ አጠገብ አድርጉለት። ግማሽ ሜትር ሊደርስ የሚችል ዓሣ መሆኑንም አትርሱ። ይኼን ሁሉ እኔ ያነበብኩት ዛሬ ከሰዓት ነው። ከመግዛቴ በፊት ላንብበው ብል ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም ነበር።

ጨዉን አልገዛሁም። ሦስቱ ጎቢዎች ግን እዚያው ናቸው። "ዘንዶ ዓሣ" የሚለው ወረቀትም አልተነሳም።