ቁስል ለምታጥበው ሲስተር ምስጋና፤ ቤቱ ታማሚ ላለበት ደግሞ ጥቆማ

በስኳር ሕመም እግሩ የቆሰለ ወይም ረጅም ጊዜ ተኝቶ ወገቡ የተላጠ ሰው ቤታችሁ ካለ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና ባለው መስመር ቤት ለቤት እየዞረች ቁስል የምታጥብ አንዲት ነርስ አለች። ሰው ሁሉ «ሲስተር» ብሎ ነው የሚያውቃት፤ ስሟ በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልወደደች እኛም እንደዚያው እንላታለን። ይህን የምንጽፈው በዚሁ ሙያ ያለን ጥቂት ነርሶችና አንድ የጤና መኮንን ነን። «እጇ ይባረክ» ብለን ብንተወው ይቀል ነበር፤ ግን ምኑ ላይ እንደሚባረክ ካልተነገረ ነገ ሌላ ነርስ ስትቀጥሩ ምን ማየት እንዳለባችሁ አታውቁም።

ቀለበትና የእጅ ሰዓት አታደርግም፣ ጥፍሯ ያጠረ ነው፣ ቀለምም አይነካውም። ቤት ስትገባ ጎንበስ ብላ ሰላም ትልና ቀጥታ ወደ ውኃው ነው። ቧንቧው በጠፋ ቀን አንድ ሰው በጆግ ያፈስላታል፤ ጆጉን እሷ አትይዘውም። በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ትታጠባለች፦ መዳፍ ለመዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ የጣቶች መሃል፣ አውራ ጣት ዙሪያውን፣ በመጨረሻም የጣቶቿን ጫፍ መዳፏ ላይ እያሽከረከረች። አብዛኛው ሰው አውራ ጣቱንና የጣቶቹን ጫፍ ይዘላል፤ ጎዙን፣ ማለትም ቁስሉ የሚሸፈንበትን ስስ ጨርቅ፣ የሚይዘው ደግሞ እሱው ነው። ከታጠበች በኋላ በቀሚሷ ወይም በሽርጧ አታብስም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ታካሚን ስንንከባከብ እጅ የሚጸዳባቸው አምስት ጊዜያት አሉ፦ ታካሚውን ከመንካት በፊት፣ ንጹሕ ሥራ ከመጀመር በፊት፣ ደም ወይም ፈሳሽ ከነካን በኋላ፣ ታካሚውን ከነካን በኋላ፣ አልጋውንና ዕቃውን ከነካን በኋላ። ቤት ውስጥ የሚዘለለው ሁለተኛው ነው። አሮጌው ፋሻ በተፈታበት ጓንት አዲሱ ጎዝ ይነሳል፤ መግሉ ወደ ንጹሑ ዕቃ የሚሻገረውም በዚያች ቅጽበት ነው። ሲስተር ፋሻውን የፈታችበትን ጓንት ገልብጣ አውልቃ ትጥላለች፤ እጇን በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ አሽታ እስኪደርቅ ትጠብቃለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ሌላ ጓንት የምታጠልቀው። «ጓንት አድርጌያለሁ» ብሎ እጅ የማይታጠብ ባለሙያ ካያችሁ በትህትና አሰናብቱት።

ጠያቂ የሚበዛበት ቤት ላይ ያላት ዘዴ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ ማስነሳት በእኛ አገር ቀላል አይደለም። እሷ ግን «ቡናችሁን ሳሎን ጠጡልኝ፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ ነኝ» ትልና በሩን ገርበብ ታደርጋለች። ልትመጣ ስትል ቤት እንዳይጠረግ፣ አንሶላም እንዳይራገፍ በስልክ ቀድማ ታሳስባለች፤ የተነሳው አቧራ ተመልሶ የሚያርፈው የተከፈተ ቁስል ላይ ነውና።

ትሪውን በ70 በመቶ አልኮል ታብሰዋለች። ከዚያ የዕቃውን ጥቅል ታወጣና ከመክፈቷ በፊት ለቤተሰቡ ታሳየዋለች። በጨርቅ የተጠቀለሉት መቆንጠጫና መቀስ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን) ውስጥ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 30 ደቂቃ ቆይተዋል፤ ጥቅሉ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ሙቀቱን ሲያገኝ ጥቁር መስመር ያወጣል። መስመሩ ካልወጣ አትከፍተውም። ወጥቶም ጨርቁ ከረጠበ ወይም ከተቀደደ ታስቀምጠዋለች፤ መስመሩ በሙቀት ውስጥ ማለፉን እንጂ ከዚያ በኋላ ምን እንዳገኘው አይናገርማ።

ፋሻው ከሥጋው ጋር ተጣብቆ ከሆነ አትነጭም። ኖርማል ሳላይን (ከጀርም የጸዳ የጨው ውኃ) አፍስሳ አምስት ደቂቃ ያህል ትታገሳለች። የደረቀ ጎዝ ሲነጭ ከሥር የበቀለውን ቀይ ሥጋ ይዞ ይነሳል፤ በሳምንት የተገነባው በአንድ ጎተታ ይፈርሳል። የወጣውን ጎዝም ሳታየው አትጥለውም፦ ምን ያህል እንደረጠበ፣ ቀለሙን፣ ሽታውን ታያለች።

ማጠቢያው 0.9 በመቶው ሳላይን ነው። ጠርሙሱ ሲከፈት ቀንና ሰዓት ትጽፍበታለች፤ 24 ሰዓት ካለፈው ግማሹ ቢተርፍም ይደፋል። በ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ትስብና ጫፉ ላይ መርፌው የወጣለትን 18 ቁጥር ካኑላ ትሰካለች፤ የፕላስቲኩ ቀጭን ቱቦ ውኃው በግፊት እንዲወጣ ያደርገዋል። ከጠርሙሱ በቀጥታ ማንጠባጠብ የተጣበቀ ቆሻሻ አያነሳም፤ ከመጠን ያለፈ ግፊት ደግሞ ጀርሙን ወደ ውስጥ ይገፋል። መጠኑ ለአንድ ሴንቲ ሜትር የቁስል ርዝመት ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ነው፤ ስለዚህ አምስት ሴንቲ ሜትር ቁስል ቢያንስ ሩብ ሊትር ይጠይቃል። «ሳላይን አባከነች» የሚል ቤተሰብ ካለ ይህን ያስላ።

ቁስሉ ላይ የማታደርገው ነገር ደግሞ ከምታደርገው ይበልጣል። የአምፒሲሊን እንክብል ፈልቅቆ ዱቄቱን መነስነስ በየሰፈሩ ያለ ልማድ ነው። ዱቄቱ ከፈሳሹ ጋር ተቦክቶ ቅርፊት ይሠራል፣ መግሉ ከሥር ይታመቃል፣ ጀርሙም መድኃኒቱን ይለማመደዋል። የቡና ዱቄትም ያው ነው። ያ የሚፈላው ፈሳሽ፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ሲንተከተክ ያጸዳ ይመስላል፤ ግን አዲሱን የሥጋ ሕዋስ አብሮ ያቃጥላል። አልኮልም እንዲሁ። ቤታዲንን በቁስሉ ዙሪያ ላለው ጤነኛ ቆዳ ትጠቀምበታለች፤ ቁስሉ ሲያመረቅዝም በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ ታደርግበታለች። ቀይና ንጹሕ የሆነውን ቁስል በየቀኑ ቤታዲን መቀባት ግን ያዘገየዋል። ስለ ማር የሚጠይቃት ብዙ ነው። ለቁስል የሚዘጋጅ፣ ስፖሩ (ተኝቶ የሚቆይ የጀርም ዘር) የተገደለለት ማር አለ፤ ከማጀት የሚወጣው ግን እሱ አይደለም።

ታጥቦ ሲያልቅ ትለካለች። ርዝመቱንና ስፋቱን በወረቀት ማስመሪያ፣ ጥልቀቱን ከጀርም በጸዳ የጥጥ ዘንግ ወስዳ ታካሚው ቤት በሚቀመጥ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ይህ ደብተር ነው በሽተኛው ወደ እኛ ሲመጣ ሥራችንን ግማሽ የሚያቀልልን። የስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስል 6 በ4 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ማለትም 24 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ በተገቢው እንክብካቤ በአራት ሳምንት ወደ 12 ካሬ ካልወረደ የተሳተ ነገር አለ፦ የደም ዝውውሩ፣ አጥንት ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን፣ ያልተስተካከለ ስኳር፣ ወይም ሰውየው እየረገጠበት ነው። «እየዳነ ነው» የሚለው ወሬ በቁጥር ካልታየ አይታመንም።

አሸፋፈኗም እንደዚያው በልክ ነው። ጎዙን በሳላይን ነክራ ትጨምቀዋለች፤ የሚንጠባጠብ ጎዝ በዙሪያው ያለውን ቆዳ ውኃ ውስጥ እንደቆየ ጣት ነጭ አድርጎ ያረግበዋል፣ ቁስሉም በዚያ በኩል ይሰፋል። ጉድጓድ ያለውን ቁስል ላላ አድርጋ ትሞላለች እንጂ እንደ ትራስ አትጠቀጥቅም። የምታስገባው አንድ ወጥ ጎዝ ሆኖ ጫፉ ወደ ውጭ ይቀራል፤ ስንት እንደገባም ደብተሩ ላይ ይሰፍራል። ተረስቶ ውስጥ የቀረ ጎዝ ለወራት መግል ሲያመነጭ ይኖራልና። እግር ከሆነ ከጣት ሥር ጀምራ ወደ ላይ ትጠቀልላለች፤ የጣቶቹ ጫፍ ግን አይሸፈንም። «አባባ፣ ጣትዎን ያንቀሳቅሱልኝ» ትልና የአውራ ጣቱን ጥፍር ጫን አድርጋ ትለቃለች። ነጭ የሆነው በሁለት ሦስት ሰከንድ ካልቀላ ፋሻው ጠብቋል፤ ፈትታ እንደገና።

ከዚህ ቀጥላ የምትናገረውን ታካሚዎቿ አይወዱትም፦ በቆሰለው እግር አለመርገጥ። ስሜት የጠፋው እግር አያምምም፣ ስለዚህ ሰውየው ይራመድበታል። የተረገጠን ቁስል የትኛውም ጎዝ አያድነውም። ይህ እውቀት በእኛ አገር አዲስ አይደለም፤ በ1965 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው በዘነበወርቁ አለርት ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ታማሚዎች ያልቆሰለ እግራቸውን በየቀኑ እንዲያዩ ሲማሩ ኖረዋል። ሲስተር ያንኑ ትምህርት ወደ ስኳር ሕመምተኞች ታመጣለች፦ ጫማ ከማጥለቅ በፊት ውስጡን በእጅ መዳሰስ፣ እግርን ከሰል አጠገብ አለማሞቅ፣ ሙቅ ውኃን በክርን መሞከር።

ለተኛ ሰው ያላት ትእዛዝ አጭር ነው። በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ። በጎን ሲተኛ 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ ጀርባው በትራስ ይደገፍ። ሙሉ በሙሉ በጎን ማስተኛት ዳሌውን ያቆስላል። ራስጌው ከ30 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ ከቆየ ሰውየው ይንሸራተትና የወገቡ ቆዳ ይሸራረፋል። ተረከዙ ፍራሽ እንዳይነካ ትራስ ከባቱ ሥር ይግባ። የቀላውን ቦታ በጣት ጫን አድርጉት፤ ሲለቀቅ ነጭ ሳይሆን ያው ቀይ ከሆነ ቁስሉ ጀምሯል ማለት ነው፣ ማሸትም ይብሰዋል። የጎማ ቀለበት ላይ ማስቀመጥ ደግ ቢመስልም ዙሪያውን ደም ያሳጣል። የጾም ሰሞን ከሆነ ሽሮና ምስሩ ይብዛ፤ ሥጋ የሚበቅለው ከፕሮቲን ነው።

እኛ ከሁሉ በላይ የምናከብርላት «ይህ ከእኔ በላይ ነው» ማለቷን ነው። መቅላቱ ከቁስሉ ጠርዝ ከ2 ሴንቲ ሜትር አልፎ ሲሄድ፣ የሰውነት ሙቀት ከ38 ዲግሪ ሲዘል፣ ጣት ሲጠቁር፣ የጥጥ ዘንጉ አጥንት ሲነካ፣ በሽተኛው ሲቃዥ፣ ያኑ ዕለት ሆስፒታል ትልካለች። አንቲባዮቲክ አትሸጥም፣ «ይቺን ግዙ» ብላም አታዝም። ናሙና ከታዘዘም መጀመሪያ ቁስሉን አጥባ፣ ንጹሕ በሆነው ሥጋ አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ዘንጉን ለአምስት ሰከንድ ጫን አድርጋ ታሽከረክራለች፤ ላዩ ላይ ያለው መግል ላቦራቶሪውን የሚያሳስት የጀርም ድብልቅ ስለሆነ። ይህም አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ነው።

ስትወጣ ቆሻሻዋን ይዛ ነው። መርፌ ክዳኑን መልሳ አትከድንም፤ ቀጥታ ወደ ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ መጣያ ሣጥን)፣ ሦስት አራተኛ ሲሞላም ይዘጋል። የፈሰሰ ደም ካለ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ፣ 5 በመቶ የነበረው በረኪና ወደ 0.5 በመቶ ይወርዳል፣ አሥር ደቂቃ ይቆይና ይጠረጋል። ውህዱ በየቀኑ አዲስ ነው። በረኪናው ለወለልና ለዕቃ ብቻ ነው፤ ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ኬሚካል ጋር ከተደባለቀ የሚወጣው ጋዝ ይጎዳል።

አንድ ቅሬታ አለን፦ ሥራ ላይ ሆና ስልክ አታነሳም። ጓንቷን አውልቃ «ሃሎ» ከምትል ግን ባታነሳ እንመርጣለን፤ የጽሑፍ መልእክት ተዉላት፣ ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ትደውላለች። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን፤ እሷን አስፈቅደን እንሰጣለን። የአንድ ጊዜ ዋጋዋን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ የሳላይንና የጎዙ ወጪ ከዚያ ውጪ ነው። ከመምጣቷ በፊት አንድ የፕላስቲክ ወንበር፣ ሳሙና፣ ሙሉ ጀሪካን ውኃና ሁለት ፌስታል አዘጋጁ። ቁስሉ ሲታጠብ ለሚያመው ሰው ሐኪም ያዘዘለት ማስታገሻ ካለ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ይዋጥ። ውሻ ካላችሁም እሰሩት፤ ባለፈው ትሪውን ይዛ በር ላይ አሥር ደቂቃ ቆማለች።