ማስጠንቀቂያ፦ ታይሚንግ ሳይለካ «ሙሉ ኢግኒሽን ይቀየር» ሲሏችሁ አትክፈሉ

ዲኤክስ፣ ላዳ ወይም የድሮ ኮሮላ ይዛችሁ በአዲስ አበባ በተክለሃይማኖትና በሱማሌ ተራ ዙሪያ መካኒክ የምትፈልጉ ሁሉ ይህን ሳታነቡ ሒሳብ አትክፈሉ።

ታይሚንግ ማለት ብልጭታው ሲሊንደር ውስጥ የሚመጣበት ቅጽበት ነው። ኮይሉ ከፍተኛ ቮልት ይሰጣል፣ ዲስትሪቢዩተሩ ለየሲሊንደሩ ያከፋፍላል፣ ገመዶቹ ወደ ካንዴላው ያደርሳሉ፤ እነዚህ አንድ ላይ ኢግኒሽን ይባላሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናው ዳገት እምቢ ይላል፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ይንቀጠቀጣል፣ ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት ያዳምጥና «ዲስትሪቢዩተሩ ሞቷል፤ ከነኮይሉ ከነገመዱ ይቀየር፣ ያገለገለ ኦርጅናል አለ» ይላል። ዕቃው ይገባል፣ ሰፈር ውስጥ ሲሞከር መኪናው ይነቃል፣ ገንዘቡ ይከፈላል። የመጀመሪያው ብልሽት ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ተቀምጧል።

መኪናው የነቃው በዕቃው አይደለም። መካኒኩ አዲሱን ዲስትሪቢዩተር ሲያስር ታይሚንጉን አስቀድሞ ነው ያሰረው። ብልጭታው ቀደም ብሎ ሲመጣ ሚኒሞው ከፍ ይላል፣ ነዳጅ ሲረገጥም ሞተሩ ቶሎ ይመልሳል። ይህን በአሮጌው ዲስትሪቢዩተር ላይ በአንድ ቁልፍ ማድረግ ይቻል ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ስለምትል አየሩ ስስ ነው፤ ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው ግፊት ስለሚቀንስ ከልክ በላይ የቀደመ ታይሚንግ እዚህ ሞተሩን ብዙም አያንኳኳም (ነዳጁ ያለጊዜው ተቀጣጥሎ የብረት ድምፅ አያሰማም)። ወደ አዳማና አዋሽ ስትወርዱ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ጭነት ሲኖር ደግሞ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። በዚያ ሁኔታ ረጅም መንገድ የተነዳ ሞተር ፒስተኑን ወይም የቴስታታ (የሞተር ራስ) ጋስኬቱን ሊያጣ ይችላል። በጆሮ የተስተካከለ ታይሚንግ ላይ ይህን ያህል የምንጨነቀው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «የታይሚንግ መብራት አለህ?» ይሁን። ከሌለው ስለ ዲስትሪቢዩተሩ የሚናገረው ግምት ነው። መብራቱ በአንደኛው ሲሊንደር ገመድ ላይ ይታሰርና ፑሊው (ሞተሩ ፊት ያለው የቺንጋ ጎማ) ላይ ያለው ምልክት ከሞተሩ ምልክት ጋር ይነበባል። ላዳ ላይ የፊት ሽፋኑ ሦስት ምልክት አለው፤ ረጅሙ 0፣ መካከለኛው 5፣ አጭሩ 10 ዲግሪ ነው። ባለ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ኮሮላ ላይ ደግሞ ኮፈኑ ሥር ባለው የምርመራ ሶኬት ቲኢ1 እና ኢ1 በአጭር ሽቦ ከተገናኙ በኋላ 10 ዲግሪ ላይ ይታሰራል። ሽቦው ሳይገባ 10 ላይ ካሰረው ኮምፒውተሩ በራሱ የጨመረውን ዲግሪ አብሮ ቆጥሯል ማለት ነው፤ መኪናው ዘግይቶ እየተቀጣጠለ ዳገት ላይ ይደክማል፣ ይሞቃል። ይህን የማያውቅ ሰው ዲስትሪቢዩተር ቢቀያይር ለውጥ አያመጣም።

ኮንታክት (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ሲከፈት ብልጭታ የሚያመጣ ማብሪያ ማጥፊያ) ያላቸው መኪኖች ላይ ትልቁ ጥፋተኛ የኮንታክቱ ክፍተት ነው። ላዳ ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊሜትር ይፈልጋል። ኮንታክቱን የሚገፋው የፋይበር እግር እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠብባል፣ ኮንታክቱ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ብልጭታውም ይዘገያል። ባለቤቱ የሚያየው መኪናው ቀስ በቀስ ጉልበት ማጣቱን ብቻ ነው። ለዚህ ፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ይበቃል። መጀመሪያ ክፍተቱ፣ ከዚያ ታይሚንጉ ይስተካከል፤ ክፍተቱ ሲነካ ታይሚንጉ አብሮ ይሸሻል። አዲስ ኮንታክት ቶሎ የሚቃጠል ከሆነ ኮንታክቱ እንዳይቃጠል የሚጠብቀውን ኮንዴንሰር ተጠራጠሩ፣ ኮይሉንም ለኩ። ባላስት ሬዚስተር (ወደ ኮይሉ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቀንስ ዕቃ) የማይፈልግ ኮይል የመጀመሪያ መጠምጠሚያው 3 ኦም ገደማ ያነባል፤ የሚፈልገው 1.5 ኦም ገደማ ነው። ሁለተኛውን ዓይነት ያለ ባላስት ከገጠሙላችሁ ኮይሉ እጅ እስኪያቃጥል ይሞቃል፣ ኮንታክቱም ይቃጠላል። ያገለገለ ኮይል ስትገዙ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዛችሁ ሂዱ፤ መልኩ አንድ ዓይነት ነው።

ዲስትሪቢዩተሩ ቫክዩም (በሞተሩ የአየር ስበት ታይሚንጉን የሚያስቀድም) ያለው ከሆነ ቱቦውን ከካርቡሬተር በኩል ነቅላችሁ በአፍ ሳቡ። የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ተከፍቶ ሲታይ ውስጥ ያለው ሳህን መዞር፣ ቀዳዳውን በምላስ ስትይዙትም እንደዞረ መቆየት አለበት። አየር ዝም ብሎ ከገባ የተቀደደው ዲያፍራሙ ነው፤ እሱ ደግሞ ለብቻው ይቀየራል። ቀጥሎ ቱቦው ተነቅሎና ተደፍኖ ሞተሩ እስከ 2,500 ዙር ይነሳ። በመብራቱ ምልክቱ ቀስ እያለ ሲቀድም፣ ሲለቀቅም ሲመለስ መታየት አለበት። ካልተንቀሳቀሰ ዙር ሲጨምር ታይሚንጉን የሚያስቀድሙት የዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ክብደቶች ዝገው ተጣብቀዋል፤ ይጸዳሉ፣ ጠብታ ዘይት ይበቃቸዋል።

ዲስትሪቢዩተር በእውነት የሚሞትበት ጊዜ አለ፤ ዘንጉ ሲላላ። ክዳኑንና ሥሩ የሚዞረውን ሮተር አንስታችሁ ዘንጉን ወደ ጎን አወዛውዙት። የሚነቃነቅ ከሆነ መብራቱ ላይ ምልክቱ ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ ቡሽ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ማስገባት ወይም መቀየር ተገቢ ነው። ሆኖም የላላ የታይሚንግ ሰንሰለት ወይም ቤልትም ይህንኑ መንቀጥቀጥ ያመጣል። ክራንኩን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) በቁልፍ ወዲያና ወዲህ አዙሩት፤ ሮተሩ ሳይነቃነቅ ክራንኩ ብዙ የሚዞር ከሆነ ችግሩ ከዲስትሪቢዩተሩ ውጭ ነው።

ካንዴላው ጥላሸት መልበሱንም ማስረጃ አድርገው ያሳዩአችኋል። በዚህ ከፍታ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ቤንዚን ስለሚያበዛ ካንዴላው ብልጭታው ደህና ሆኖም ይጠቁራል። ገመዱን በቴስተር ለኩ፤ በቶዮታ አንዱ ገመድ ከ25 ኪሎ ኦም ማለፍ የለበትም።

ያገለገለ ዲስትሪቢዩተር የግድ ከሆነ መግጠሙ ብቻ አይበቃም። ከሌላ ሞተር የመጣ ቀዳዳው ልክ ሆኖ የአቀዳደም መጠኑ የተለየ ሊሆን ይችላል፤ የሞተሩን ዓይነትና ቁጥሩን አነጻጽሩ። አሮጌው ዕቃ የእናንተ ነው፤ ጋራዡ ውስጥ አትተዉት። ኦርጅናል ከሆነ ጠግኖ መልሶ ሊሸጠው የሚፈልግ አይጠፋም። ደረሰኝም ተቀበሉ፤ በላዩ ላይ የዕቃው ዓይነት፣ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑና ታይሚንጉ በስንት ዲግሪ እንደታሰረ በጽሑፍ ይስፈር።