የአምባገነኑ የመጨረሻ ቀን፦ «የፍየሉ ድግስ»

የፔሩው ደራሲ ማሪዮ ቫርጋስ ዮሳ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው ይህ ልብ ወለድ፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክን ከ1930 ጀምሮ በ1961 እስከተገደለበት ቀን ድረስ ቀጥቅጦ የገዛውን ራፋኤል ትሩሂዮን ይመለከታል። ትረካው በሦስት መስመር ይጓዛል፤ አንዱ ከረጅም ስደት በኋላ ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ የምትመለሰውን ኡራኒያን፣ ሌላው በመኪና አድፍጠው ገዥውን የሚጠብቁትን ሴረኞች፣ ሦስተኛው የትሩሂዮን የመጨረሻ ቀን ይከተላል።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ የግድያው ሴራ ሳይሆን በገዥው ዙሪያ ያሉ የተማሩ ሰዎች ሁኔታ ነው። የኡራኒያ አባት፣ ሴናተር ካብራል፣ ጥፋቱ ሳይነገረው ከሞገስ ሲወድቅ፣ ሞገሱን ለመመለስ የሚከፍለው ዋጋ ለማንበብ እንኳ ይከብዳል። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ሮማን ትሩሂዮ ሲገደል ሥልጣን ለመረከብ ለሴረኞቹ ቃል ገብቶ ሳለ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ፍርሃት አስሮት ይቀራል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የታዘዘ አእምሮ በአንድ ሌሊት ነፃ እንደማይወጣ ከዚህ የበለጠ ያሳየኝ ገጽ አላነበብኩም። ገጣሚና ጸሐፊ የነበረው የስም ፕሬዚዳንት ሆአኪን ባላጌር ግን በዝግታና በተመረጡ ቃላት ቤተ መንግሥቱን በእጁ ያስገባል። ደራሲው ራሱ በ1990 ለፔሩ ፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ የተሸነፈ ሰው መሆኑ፣ እነዚህን ምዕራፎች በቅርብ እውቀት የጻፋቸው ያስመስላል።

የገጸ ባሕርያቱ ብዛት መጀመሪያ ላይ ያደናግራል። የስቃይ ምርመራ ትዕይንቶቹም ረዝመዋል ብዬ አምናለሁ። ቢሆንም፣ በስፓኒሽ ቋንቋ ስለ አምባገነኖች ከተጻፉት ልብ ወለዶች አንዱን ብቻ ለማንበብ ጊዜ ላለው ሰው ይህንን አስቀድማለሁ።