ቪትዜና ደንገጎ፦ ከ16 ወር በኋላ

ነሐሴ 2016 ላይ ነው የገዛኋት። ቶዮታ ቪትዝ፣ በፈረንጅ 2002 የተሠራች፣ 1,000 ሲሲ፣ አውቶማቲክ፣ ብርማ ቀለም፣ ኮድ 2 ድሬ። 16 ወር አብረን ኖርን። ቤቴ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው፤ እናቴ ሐረር ናት። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ በድሬ ሙቀት ውስጥ አጭር አጭር መንገድ፣ ቅዳሜ ደግሞ ወደ ሐረር የሚያስወጣውን የደንገጎን ዳገት መውጣት ነው ሥራዋ። ለአሮጌ መኪና ከዚህ የባሰ ፈተና ያለ አይመስለኝም።

ልገዛ ነው ስል ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነገር ነበር ያለኝ። «ቪትዝ ምን ትሆናለች! ዘይት እየቀየሩ መንዳት ነው።» ግማሹ እውነት ነው። ሞተሯ እስከ ዛሬ አንድ ቀን አላሳፈረኝም። እኔን ያንገበገበኝ ውሃ ነው።

ለምን አዲስ አልገዛሽም የሚል አይጠፋም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን የማይቀመስ አደረገው። 2016 ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ጭራሽ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለችው ቪትዝ እያረጀች ዋጋዋ አልወርድ አለ። ሻጩ የ22 ዓመቷን መኪና እንደ ሙሽራ ነበር ዞር ዞር እያደረገ ያሳየኝ። ታጥባለች፣ ወንበሯ ልብስ ለብሷል፣ ጎማዋ በጥቁር ቀለም ያበራል። ሳቢያን ውስጥ ሁለት ዙር ነዳኋት። ቀጥ ብላ ሄደች። ገዛሁ። ስህተቴ ያ ነበር፤ ሜዳ ላይ ሞክሬ ዳገት ገዛሁ።

ጉዱ የወጣው ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር ወደ 1,900 ይጠጋል። መሃላቸው ያለው 55 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን ዳገቱ በሙሉ መንገዱ ላይ አልተበተነም፤ ከድሬ እንደወጣን አንዴ ደንገጎ ላይ ተከምሯል። ኤሲ ከፍቼ፣ አክስቴንና ሁለት ልጆቿን ጭኜ፣ ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ኋላ ተለጥፌ እየወጣሁ ነው። ቪትዝ የሙቀት መርፌ የላትም። እየሞቀች ነው፣ ልብ በይ የሚል ነገር የለም። ያለው አንዲት ቀይ መብራት ብቻ ነው። እሱ ሲበራ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

በራ። ጥግ ይዤ ቆምኩ። ኮፈኑን ስከፍተው ድምፁ ልክ እንደ ሻይ ቤት ማንቆርቆሪያ ነው። አክስቴ ነጠላዋን አጣጥፋ ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሄደች። «ይተንፍስላት እንጂ!»

«እንዳትነኪው!» ብዬ ጮህኩ። አክስቴ ላይ ጮኼ አላውቅም።

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ስለዚህ ይህቺን ሳላስረዳ አላልፍም። ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይደለም የሚፈላው፤ 93 አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ዝም ብሎ መክደኛ አይደለም። ግፊት ይይዛል። በያዘው ግፊት የተነሳ ውሃው 100 አልፎም ሳይፈላ ይቆያል። ሞተር በጋለበት ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ ባንዴ ይወርድና ያ ሁሉ ውሃ በአንድ ጊዜ ገንፍሎ ከእንፋሎት ጋር ይፈናጠራል። ፊት ላይ። በነጠላ የሚመለስ ነገር አይደለም።

እድሜ ለደንገጎ ልጆች፣ ጀሪካን ይዘው መጡ። ከ40 ደቂቃ በላይ ጠብቀን፣ ሲበርድ ሞተሩን አስነስተን ቀስ እያልን ሞላን። ያን ቀን ሐረር አልደረስንም። ወደ ድሬ ቁልቁል ተመለስን። እናቴ ያዘጋጀችው ምሳ ቀዘቀዘ። እስከ አሁን ታነሳብኛለች።

መካኒኬ ለገሃሬ አካባቢ ነው ያለው። ጋሼ ነው የምለው፤ እሱ ደግሞ እንደ ድሬ ሰው ሁሉ ገና በመጀመሪያው ቀን «አንቺ» ብሎኛል። የራዲያተሩን አፍ ከፍቶ ጣቱን አስገባ። ሲያወጣው እንደ ኖራ ያለ ነጭ ነገር ይዞ ወጣ። ሱሪው ላይ ጠረገው።

«ይኸውልሽ አቦ። መኪናሽ የቧንቧ ውሃ ስትጠጣ ነው የኖረችው።»

የድሬን ውሃ የሚያውቅ ይገባዋል። የእኔ ቤት ማንቆርቆሪያ በየጊዜው ሎሚ ወይ ኮምጣጤ ካልተፈላበት ውስጡ ድንጋይ ያበቅላል። ያው ካልሲየም ነው። ያ ድንጋይ በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ሲጋገር አስቡት። ውሃው ይዞራል ግን አይቀዘቅዝም።

ቀጥሎ ቴርሞስታቱ የሚቀመጥበትን ፈታ። ባዶ ነው! አንዱ ነቅሎ ጥሎታል። ይሄ በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ መኪና ሞቀ ሲባል መጀመሪያ የሚነቀለው እሱ ነው። ቴርሞስታት ሞተሩ 80 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ውሃውን ከራዲያተሩ ከልክሎ ያቆያል፤ ከዚያ ይከፍታል። ሲነቀል ውሃው ሁልጊዜ ይዞራል። ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል። የተዘጋ ራዲያተር ያላት መኪና ግን ሜዳ ላይ ጤነኛ ትመስላለች። ሻጩ ራሱ ያውቅ ነበር ወይ? አልጠየቅኩትም። ስልኩንም አያነሳም።

ሌላ ጋራዥ ደግሞ ራዲያተሩን በአሲድ እንጠበውና ይከፈታል ብሎኝ ነበር። ድንጋዩን ሲበላ ቱቦውንም ይበላዋል ብዬ ተውኩት። አዲስ ራዲያተር፣ አዲስ ቴርሞስታት፣ አዲስ ክዳን፣ የላይና የታች ጎማ ቱቦዎች አስገባን። የቧንቧ ውሃ ቀርቶ ኩላንት በተጣራ የባትሪ ውሃ (አሲዱ አይደለም)፣ እኩል በእኩል። ወጪው የወር ደሞዜን ጠቅልሎ ወሰደ። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) አለመጣመሙ፣ ጓርኒሲዮኑ (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) አለመቃጠሉ ግን ትልቅ ዕድል ነው። ዘይቱ ከውሃ ተቀላቅሎ ወተት የጠጣ ሻይ መስሎ ቢሆን ኖሮ ይሄን ግምገማ አልጽፍም ነበር። መኪናዋም አትኖርም።

ከዚያ ወዲህ ቀዩ መብራት አልበራም። ግን እኔም ተለውጫለሁ። ደንገጎ ሥር ስደርስ ኤሲ አጠፋለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ። የሞተሯ ጉልበት ሲወለድ 70 ፈረስ ገደማ ነበር፤ ከፍታው ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ከዚያም አንድ አምስተኛው ያህል ይቀንሳል። ከአይሱዙ ጋር እልህ አልጋባም። ስመለስ ደግሞ ማርሹን 2 ላይ አድርጌ በሞተር ይዤ ነው የምወርደው። መጀመሪያ ሰሞን ዲ ላይ ትቼ በፍሬን ብቻ ስወርድ የሸራው ሽታ መኪናውን ሞልቶት ነበር። ከአወዳይ የሚመጡት የጫት መኪኖች ከኋላ በጡሩምባ ያጣድፋሉ። ይለፉኝ።

ስለ ጋራዥ አንድ ነገር ልጨምር። ድሬ ውስጥ መኪና የሚሠራው ጠዋት ነው። ከምሳ በኋላ ሙቀቱም አለ፣ የጫት በርጫውም አለ። ስምንት ሰዓት ላይ መኪና ይዞ የሄደ ሰው መፍቻ ሳይሆን ትራስ ነው የሚቀርብለት። እኔ ጠዋት 12 ተኩል ላይ ጋራዡ በር ላይ እገኛለሁ። ጋሼ ጠዋት እንከን የማይወጣለት ሰው ነው፤ ከሰዓት ደግሞ «ነገ ነይ» ይላል። የጋራዥ ቋንቋ ራሱ ያስቀኛል፤ ሰፈሩ ስሙን ከፈረንሳይኛ ወስዶ ለገሃሬ ሆኗል፣ ዕቃው ሁሉ ደግሞ ጣልያን ነው። ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ። መኪናዋ ጃፓን።

የእኔዋ መሪዋ የዞረ ናት። ጃፓን ስትሠራ ቀኝ ነበር። ቪትዝ ፍጥነት ቆጣሪዋ ዳሽቦርዱ መሃል ላይ ስለሆነ መሪው ግራ ሲመጣ ቆጣሪው ከቦታው መንቀሳቀስ አላስፈለገውም። ለዚህ ይሆን የተመቸቻቸው እላለሁ። ሥራው ግን ምልክቱን ይተዋል። ዳሽቦርዱ ከሹፌሩ በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለው፤ ድንጋይ መንገድ ላይ ሲንጫጫ ይውላል። የዝናብ መጥረጊያው እስከ ዛሬ የሚያገለግለው ቀኝ የተቀመጠውን ሰው ነው። እኔ ፊት ለፊት ላይኛው ጥግ ሳይጠረግ ይቀራል። ዝናብ ሲመጣ አንገቴን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጌ ነው የምነዳው። ለሚገዛ ሰው የምለው፣ ዋጋ ከመነጋገር በፊት መሪው ሥር ጎንበስ ብሎ በበያጅ የተበየደ ነገር መኖር አለመኖሩን ማየት ነው።

ፀሐይ ሌላዋ ጠላት ናት። የፊት መብራቷ ፕላስቲክ ቢጫ ሆኖ ማታ ሻማ የያዝኩ ያስመስለኝ ነበር። በአሸዋ ወረቀትና በፖሊሽ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ራሴ ፈግፍጌ መለስኩት። ባትሪ ድሬ ውስጥ ዕድሜው አጭር ነው፤ ሙቀት ይጨርሰዋል። ያ በጥቁር ቀለም ያበራ ጎማ ደግሞ ቀለሙ ሲለቅ ጎኑ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቋል። ጎማ ጎን ላይ አራት አሃዝ ይጻፋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የኋለኞቹ ዓመተ ምሕረቱ ናቸው። 2314 ካለ በፈረንጅ 2014፣ 23ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው። የእኔዎቹ እንዲያ ነበሩ። ስኮርታዋማ (መጠባበቂያ ጎማዋ) ከእኔ ተማሪዎች ትበልጣለች። አራቱንም ቀየርኩ። ጎሚስታው የሞቀ ጎማ ላይ ነፋስ ልቀንስልሽ ሲለኝ እምቢ አልኩ፤ ጠዋት ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ይገኛል።

ጥላ ፍለጋ ከዚራ ዛፍ ሥር ማቆም ደስ ይላል። ግን ያ ቀይ አበባ የሚያወጣው የድሬዳዋ ዛፍ ቅጠሉንና አበባውን መስታወቱ ሥር ባለው ክፍተት ውስጥ ያራግፋል። የውሃ መውረጃውን ደፈነውና አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል በተሳፋሪው እግር በኩል ውሃ ገባ። ምንጣፉን አንስቼ ሳየው ያበበ ነገር ነው ያገኘሁት፣ በእውነት። አሁን በየሳምንቱ በእጄ እለቅማለሁ። ደቻቱ ዳር ግን ጥላ ቢኖርም አላቆምም፣ በተለይ በክረምት። ላይ ሐረርጌ ሲዘንብ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ጎርፉ ይመጣል። የ1998ቱን ያየ ሰው መኪናውን እዚያ አያስቀምጥም።

ቤንዚን። በ2017 የገና ሰሞን ሊትሩ ከ100 ብር ሲያልፍ መቁጠር ጀመርኩ። ሞልቼ ወጥቼ፣ ሐረር ደርሼ ተመልሼ፣ እንደገና ሞላሁ። 110 ኪሎ ሜትሩ 7 ሊትር ተኩል ገደማ ነው የወሰደው። ከተማ ውስጥ ኤሲ ተከፍቶ ግን ሊትሩ ከ11 ኪሎ ሜትር አይበልጥልኝም። ቴርሞስታቱ ከገባ በኋላ መሻሻሉ ይታወቃል። ሰልፉ ግን ይሄን ሁሉ ይበላዋል፤ ማደያ በር ላይ ሁለት ሰዓት ሞተር እያጠፉ እያስነሱ መግፋት ነው።

ሐረር ስደርስ ነው ቪትዝ መግዛቴን የምወደው። ርዝመቷ 3 ሜትር ከ60 ገደማ ነው። መኪና በሚገባበት በር ወደ ጀጎል ገብታ ፈረስ መጋላ ድረስ በእነዚያ አሮጌ ፔጆ 404 ታክሲዎች መሃል ትሾልካለች። ሌላው ሰው ወደፊት ወደኋላ እያለ የሚያዞርበት ቦታ እኔ አንዴ አዙሬ ወጥቻለሁ። ከዚያ በላይ ወደ ውስጥ በእግር ነው። መኪና ግርግር በተባለው መንገድ የሚሰማው መኪና የልብስ ስፌት ነው፣ የእኛ አይደለም።

የማልወደው? የኋላ ወንበሯ ለሐረር መንገድ ሦስት ትልቅ ሰው አይችልም፤ አክስቴ አሁን ፊት ካልሆነ አልቀመጥም ብላለች። ዕቃ መጫኛዋ አንድ ኩንታል ማሽላ ከገባ ሌላ ነገር አይገባም። አስፋልት ላይ ከ90 በላይ ስትሄድ ሬዲዮ አይሰማም። የመለዋወጫ ኮፒ መብዛቱ ደግሞ ያናድዳል። «ኦሪጅናል ነው ወላሂ» ተብዬ የገዛሁት የፍሬን ሸራ ሁለት ወር አልቆየም። አሁን ዋና ዋናውን ዕቃ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ፣ ወንድሜ አይቶ መርጦ በአውቶቡስ ይልክልኛል።

ባለፈው ሳምንት ደላላ ከገዛሁበት ዋጋ በላይ አቀረበልኝ። ጋሼ ሰምቶ ራዲያተሯን በእጁ መታ መታ አደረገና «ይሄን ነቅለሽ ሽጪያት» አለኝ። አልሸጥኩም። ከፊት በቀኝ በኩል ግን ጉብታ ላይ ስወጣ ቋ፣ ቋ የሚል ነገር ጀምሯል። ጋሼ ጎሚኒ (የእግሯ መገጣጠሚያ ላስቲክ) ነው ይላል። ሐሙስ በአውቶቡስ ይደርሳል፤ ዓርብ 12 ተኩል ላይ በሩ ላይ ነኝ።