ዱዎሊንጎ ወይስ አይኤልትስ? ለውጭ አገር የመጀመሪያ ዲግሪ ከመክፈላችሁ በፊት

ውጭ ለመማር ያሰበ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «የትኛውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ልፈተን?» ዱዎሊንጎ ቤት ሆኖ በኢንተርኔት፣ አይኤልትስ ደግሞ በፈተና ማዕከል የሚሰጥ ነው። ለአሜሪካና ለካናዳ ዱዎሊንጎ፤ ለአውስትራሊያ አይኤልትስ፣ ቪዛው ዱዎሊንጎን አይቀበልምና። ሌላው ፈተና፣ ቶፍል፣ በዋጋው ከአይኤልትስ ብዙም ስለማይርቅ እዚህ አናነሳውም።

ከሁሉ በፊት ግን በነፃ የሚገኘውን ሞክሩ። እኛ አገር ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ይህን የሚያረጋግጥ የትምህርት ቤት ደብዳቤ ተቀብለው ፈተናውን የሚተዉ ኮሌጆች አሉ። መጀመሪያ ለቅበላ ክፍሉ ኢሜይል ጻፉና መልሱን በጽሑፍ ያዙ። ደብዳቤው ማኅተም፣ የርዕሰ መምህሩ ፊርማና የተማራችሁባቸው ዓመታት ይኑሩት። ብዙ ጊዜ ውድቅ የሚሆነው «እንግሊዝኛ ተምሯል» ብሎ ስለሚያቆም ነው፤ መባል ያለበት «ትምህርቱ ሁሉ የተሰጠው በእንግሊዝኛ ነው» ነው።

ወደ ዋጋ እንምጣ። ዱዎሊንጎ 70 ዶላር ገደማ ነው፤ ውጤቱ በሁለት ቀን ይደርሳል፣ ለፈለጋችሁት ያህል ዩኒቨርሲቲ መላክም ነፃ ነው። አይኤልትስ እንደ አገሩ ቢለያይም በአብዛኛው ከ200 ዶላር ይበልጣል። ከክልል ለሚመጣ ደግሞ የአውቶቡስና የአልጋ ወጪ አለ። በአንዱ አይኤልትስ ዱዎሊንጎን ሁለቴ ተፈትናችሁ ገንዘብ ይተርፋችኋል።

የዱዎሊንጎ ጣጣ ክፍያው ላይ ይጀምራል፤ ተራ የባንክ ካርድ አይሠራም። ዓለም አቀፍ ካርድ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ያስፈልጋል። ደላላ ከከፈለላችሁም አካውንቱን በራሳችሁ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ክፈቱ፤ ካልሆነ ውጤታችሁ በደላላው እጅ ይቀራል።

ቀጥሎ መብራትና ኢንተርኔት። ፈተናው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ቢያንስ 2 ሜጋቢት መቀበያ፣ 1 ሜጋቢት መላኪያ ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቆይም ራውተሩ ይሞታል፤ ስለዚህ የዩፒኤስ (የባትሪ) መደገፊያ አድርጉለት። ጆሮ ማዳመጫ ክልክል ነው፤ ዓይን ከስክሪኑ መራቅ የለበትም። ታናሽ ወንድም በር ከፍቶ ብቅ ቢል እንኳ ቪዲዮውን የሚያየው ተቆጣጣሪ ውጤቱን ሊሰርዘው ይችላል። የልምምድ ፈተናው ነፃ ስለሆነ፣ በዚያው ክፍልና በዚያው ሰዓት ሁለት ሦስቴ ሞክሩት።

አይኤልትስ ላይ ሰው የሚወድቀው በአማካዩ ሳይሆን በአንዱ ክፍል ነው። ከ9 አማካይ 6.5 አምጥቶ ጽሑፍ ላይ 5.5 የሆነበት፣ ዩኒቨርሲቲው በየክፍሉ 6.0 ከጠየቀ ዋጋ የለውም። በኮምፒውተር ለተፈተነ አንዱን ክፍል ብቻ በ60 ቀን ውስጥ የመድገም ዕድል አለ፤ ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ግን አይቀበለውም። ስትመዘገቡም «አካዳሚክ» የሚለውን ምረጡ፤ «ጄኔራል» ለዲግሪ አይሆንም።

እንግሊዝ አገር ለዲግሪ ዩኒቨርሲቲው ራሱ የቋንቋ ችሎታችሁን መመዘን ስለሚችል ዱዎሊንጎ የሚቀበሉ አሉ። ከዲግሪ በታች ላለው የፋውንዴሽን ዓመት ግን ቪዛው የሚፈልገው የእንግሊዝ መንግሥት ያጸደቀውን ፈተና ነው፤ ለምሳሌ «ዩኬቪአይ» የተባለውን አይኤልትስ። የዚህ ጥያቄዎች ከተራው አይኤልትስ አይለዩም፣ ዋጋው ግን ይበልጣል።

ቴሌግራም ላይ «ያለ ፈተና 7.5 እናወጣለን» የሚሉትን አትጠጉ። ዩኒቨርሲቲው የውጤቱን ቁጥር ሲያጣራ ወረቀቱ ባዶ ሆኖ ይገኛል። እንግሊዝ ደግሞ በቪዛ ማመልከቻ ላይ ያጭበረበረን እስከ 10 ዓመት ታግዳለች።

ስማችሁ በፈተናው ላይ ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፍ። የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬታችሁ በሌላ የላቲን አጻጻፍ ከሆነ ከማመልከቻው በፊት አስተካክሉ፤ ማስተካከያው ከፈተናው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ደግሞም የሁለቱም ፈተና ውጤት የሚያገለግለው 2 ዓመት ብቻ ስለሆነ 10ኛ ክፍል እያላችሁ አትፈተኑ።