የአባቴን ማሲ ላስነሳልን የአሰላ መካኒክ፦ እግዚአብሔር ይስጥልን

ደስታዬ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው። የአባቴ ማሲ ፈርጉሰን ትራክተር ተነሳች! ከኢተያ ወጣ ብሎ ባለው ማሳችን ላይ ጭሷን ቡልቅ አድርጋ ሄደች። ያስነሳት አሰላ ያለ አንድ መካኒክ ነው። «ስሜን እንዳትጽፊ» ብሎኛል፣ እሺ ብያለሁ። ከማመስገን ግን ማንም አይከለክለኝም።

ለማታውቋት ልንገራችሁ። ማሲ 135 ናት። እንግሊዞች ኮቨንትሪ ላይ መሥራት የጀመሯት በአውሮፓውያን 1964 ነው። ቀይ ቦዲ፣ ግራጫ ሞተር፣ ባለ 3 ሲሊንደር ፐርኪንስ። ጉልበቷ 45 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ዛሬ አርሲ ውስጥ ከሚርመሰመሱት ትልልቆቹ አጠገብ ስትቆም ታሳዝናለች። ለእኛ ማሳ ግን በቂ ናት። ከዚህ በላይ ስለ ሞተር አትጠይቁኝ።

ግቢያችን የአሮጌ ብረት ማደሪያ ነው። ዲስክ ማረሻ አለ፣ በእጅ የሚዞር የበቆሎ መፈልፈያ አለ፣ ምን እንደነበረ አባቴ ብቻ የሚያውቀው ብረትም አለ። እናቴ «ቁራሌ ነው ያገባሁት» ትላለች። አባቴ ግን አንዱንም አይጥልም፤ እኔም ወርሼዋለሁ መሰለኝ።

የማሲዋ ነገር ደግሞ ይለያል። አያቴ ጢሰኛ ነበር። በንጉሡ ጊዜ መጨረሻ ላይ አርሲ ውስጥ ትራክተር ሲበዛ፣ ባለመሬቶቹ «ከእንግዲህ ጢሰኛ ምን ያደርግልናል?» አሉ። ብዙ ሰው ከነልጆቹ ተነቀለ፣ አያቴም አንዱ ነበር። በ1967 መሬት ለአራሹ ታወጀና ተመለሰ። የዚህ ሰው ልጅ ታዲያ ሄዶ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ ሆነ! አያቴ ለረጅም ጊዜ አኩርፎት ነበር ይባላል። ደርግ ከወደቀ በኋላ አሮጌ ማሽኖች በጨረታ ሲሸጡ አባቴ ያለውን ሁሉ አራግፎ ይቺን ማሲ ገዛ። የመንደሩንም ግማሽ አረሰበት። አብዛኛውን በዱቤ።

ከዚያ ቆመች። የኔ መከራ የጀመረው ያኔ ነው።

ቦታም ሰውም አልጠራም፣ ግን ይውጣልኝ። አንዱ ጋራዥ ገና ስገባ «የሚያነጋግረን ወንድ የለም?» አለ። ብሬን ሲቀበል ግን ሴትነቴ አልታየውም። «ነገ ነይ» ሲለኝ ከረመ፣ መጨረሻ ላይ ማሲዋ እንደሞተች መለሰልኝ። ኦሪጅናሉ የናፍጣ ፖምፓ ተፈትቶ ሌላ የማይረባ እንደታሰረባት ያወቅነው ኋላ ነው። ሌላው ደግሞ ኮፈኗን እንኳን ሳይከፍት «ለቁራሌ ስጪው፣ በኪሎ ጥሩ ያወጣል» አለኝ። አባቴ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ምንም አልተናገረም። እኔ ግን ያን ቀን ፊቱን አይቼዋለሁ፣ አልረሳውም።

የአሰላውን ሰው የጠቆመችኝ የጎረቤታችን ልጅ ናት፣ ትባረክ። እሱ መጀመሪያ መፍቻ አላነሳም። አባቴን ወንበር አስመጥቶ አስቀመጠውና «አባባ፣ ልትቆም ስትል ድምጿ እንዴት ነበር?» አለው። አባቴ በአፉ ድምጿን አሰማው! እየተንተፋተፈ፣ እያነቀው፣ ድርግም አለ። እኔ ሳቄ መጣ። መካኒኩ አልሳቀም። «አባባ፣ እስቲ ድገሙልኝ» አለና ጎንበስ ብሎ ሰማ። ከዚያ እጁን የሆነ ቦታ ላይ አሳርፎ «እዚህ ጋ ነው» አለ። እውነትም እዚያ ጋ ነበር። የሆነውን ዕቃ ቶርኖ ቤት ወስዶ አስቀረጸ፣ ፖምፓም ከየት እንደሆነ እንጃ ፈልጎ አገኘ። ዝርዝሩን አስረድቶኛል፣ አልገባኝም።

ይህን ሁሉ ግን ጎበዝ መካኒክ ያደርገዋል። እኔን እንድጽፍ ያደረገኝ ሌላ ነው።

ቀለም ሊቀባት ዝገት ሲፍቅ ደወለልኝ። «እህቴ፣ የመፍቻ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ጽሑፍ አለ። አልነካሁትም። አባባን ይዘሽ ነይ» አለኝ። ሄድን። በሚስማር የተጫረ የስም ዝርዝር ነው። በየስሙ ትይዩ ስንት ጥማድ እንደታረሰለት ተጽፏል። የከፈለው ተሰርዟል። የአባቴ የዱቤ መዝገብ! ቤት ውስጥ አንዳችንም አናውቅም ነበር። መካኒኩ ፊደሉ እንዳይጠፋ ዝገቱን በስሱ አንስቶ፣ ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ቀብቶበታል።

አባቴ በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ካልተሰረዙት ብዙዎቹ በሕይወት የሉም። አንዱ ስም ላይ ሲደርስ ቆመ። «ይሄ ሰውዬማ በበግ ከፍሎኛል፣ ሳልሰርዘው ቀርቼ ነው» አለና ሚስማር ጠየቀ። እኔ ቫርኒሹ ታሰበኝ፣ ተሳቀቅኩ። መካኒኩ ኪሱን ዳበሰና ሚስማር ሰጠው፣ ክዳኑንም እንዳይንቀሳቀስ ያዘለት። አባቴ ሰረዘው። መካኒኩ አንድ ቃል ሳይናገር ብሩሹን አንስቶ እንደገና ቀባበት። ለዚህ አንዲት ሳንቲም አላስከፈለም።

የሒሳቡ ነገር ራሱ የሚገርም ነው። ከማሲዋ የወጣውን አሮጌ ዕቃ በሙሉ በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ ከነደረሰኙ አስረከበኝ። ዕቃ ተለውጦባችሁ የምታውቁ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

አርሲና ባሌ ውስጥ ዶሮ የሚያድርባቸው ማሲዎችና ፊያቶች በየግቢው አሉ፣ አውቃለሁ። እባካችሁ በኪሎ አትሽጧቸው። መጀመሪያ ይሄ ልጅ ይያቸው። የማይሆን ከሆነ አይሆንም ይላችኋል፣ ብራችሁን አይበላም። ደግሜ እላለሁ፣ ይያቸው!

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄዋለሁ። እሁድ አያነሳም። ለእርሻ የምታደርሱት ከሆነ ሰኔ ሳይገባ ደውሉ፣ ከገባ ወረፋው አይቻልም። ሽማግሌ አባት ካላችሁም ይዛችሁት ሂዱ፣ ወንበር አለው።