ኖኪያ 1100፦ ባለ ባትሪዋ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሥር ስልክ እጠግናለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እማማ ኖኪያ 1100 ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ቁጥሩ እምቢ አለኝ» አሉ። ፈታኋት። ከጎማው ሥር የሽሮ ዱቄት ደርቋል። በአልኮል ጠረግኩት፣ በቃ። የሲ ቁልፏን ጫን ሳደርግ ባትሪዋ ቦግ አለች። መብራት ሲጠፋ አራተኛ ፎቅ የሚወጡት በእሷ ነው።

ይህች ስልክ በ2003 እ.ኤ.አ. ወጥታ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጣለች። ያኔ ኩባንያውን የሚመሩት ዮርማ ኦሊላ ነበሩ። በ2006 በእሳቸው ቦታ ካላስቩኦ ተተኩ፤ የሕግና የፋይናንስ ሰው ናቸው። በዓመቱ አይፎን መጣ፣ ኖኪያ ግን ስልኮቹ የሚሠሩበትን የቆየ ሶፍትዌር፣ ሲምቢያንን፣ ሙጭጭ አለ። በ2010 ከማይክሮሶፍት መጥተው ኖኪያን መምራት የጀመሩት ኢሎፕ ደግሞ የዊንዶውስ ስልክ ሳይደርስላቸው ሲምቢያን እንደሚቀር በ2011 አወጁ። ያለቀለትን ዕቃ ማን ይገዛል? በ2013 የስልኩ ክፍል ለማይክሮሶፍት ሊሸጥ ተስማሙ።

ሰው ሁሉ ኢሎፕን ይረግማል። እኔ የበለጠ የሚያናድደኝ ከ2007 እስከ 2010 የባከነው ጊዜ ነው። ገንዘቡም መሐንዲሱም ነበራቸው። ኦሊላም እስከ 2012 የቦርድ ሰብሳቢ ሆነው እዚያው ነበሩ።

ያገለገለች 1100 ካገኛችሁ ግዙ። ብቻ ቻርጅ የሚደረገው ቢኤል 5ሲ ባትሪዋ እንዳላበጠ ከፍታችሁ እዩ።